«ስፒራል ብሬጌ» የሚል ሰዓት የብሬጌ ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሳጥኑን ስናገላብጥ አንድ የብር የኪስ ሰዓት አገኘን። እናቴ የአያቴ እንደነበር ነግራናለች። የኋላ ክዳኑን ስንከፍተው ከስሩ ሌላ ክዳን አለ። እዚያ ላይ በፈረንሳይኛ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ከቃላቱ መሃል ‹ስፒራል ብሬጌ› የሚል አለበት። አጎቴ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ‹ብሬጌ የነገሥታት ሰዓት ነው፣ ቤት ያስገዛል› አለን። ለአንድ ነጋዴ ስናሳየው ደግሞ ‹ስም የለጠፉበት ፎርጅድ ነው› ብሎ በትንሽ ገንዘብ ሊወስደው ፈለገ። ማንን እንመን? ይሄ ብሬጌ የሚባለውስ ማን ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ፈጣሪ ያጽናችሁ።

መልሱን ቶሎ ልንገርሽና ከዚያ ተረጋግተን እናወራለን። አጎትሽም ነጋዴውም ተሳስተዋል። ሰዓቱን ብሬጌ አልሠራውም። ፎርጅድም አይደለም። ክዳኑ ላይ ያለው የሠሪው ስም ሳይሆን ውስጡ ያለች የአንዲት ሞላ ስም ነው። ያቺን ሞላ ጫፏን ወደ መሃል አጥፎ የሠራት የመጀመሪያው ሰው ብሬጌ የሚባል ሰዓት ሠሪ ስለነበር በእሱ ስም ተጠራች። ስለዚህ ለማንም እንዳትሸጡት፣ በተለይ ለዚያ ነጋዴ።

ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። «አንክር» ይላል፤ መልህቅ ማለት ነው። የሞላውን ጉልበት እየቆጠረ በጥቂት በጥቂቱ የሚለቀው ቁራጭ መልህቅ ስለሚመስል ነው። «ሊኝ ድሯት» የሚለው ደግሞ እነዚህ ክፍሎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መደርደራቸውን ይናገራል። «15 ሩቢ» እኛ 15 ጁልስ የምንለው ነው፤ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸው የድንጋይ መቀመጫዎች ቁጥር። «ባላንሲዬ ኮምፓንሴ» ማለት ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ እንዳይዛባ ተደርጎ የተሠራ ባላንስ ነው። ከዚያ «ስፒራል ብሬጌ»። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ድረስ የስዊዝ ፋብሪካዎች እንዲህ እየቀረጹ በየአገሩ ይልኩ ነበር። ዛሬ የስልክ ካርቶን ላይ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ እንደሚጻፈው ማለት ነው። ገዢው ውስጡ ምን እንዳለ እንዲያውቅ ነው እንጂ ለማታለል አይደለም።

አሁን ወደ ሞላዋ እንምጣ። የሚሞላ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞላ አለ። አንዱ ወፍራሙ ነው፤ ሰዓቱን ስትሞዪ የምታጠብቂው፣ ጉልበቱ ያለበት። ሁለተኛዋ እንደ ጸጉር የቀጠነች ናት። ባላንስ የምንለውን፣ ወዲህ ወዲያ የሚወዛወዘውን ቀለበት የምትመልሰው እሷ ናት። ሰዓት «ቲክ ቲክ» የሚለው በዚህ ውዝዋዜ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ይህችን ቀጭን ሞላ በ1675 ካወጣት ወዲህ የኪስ ሰዓት ደቂቃ የሚታመንበት ነገር ሆነ።

ግን አንድ ችግር ነበራት። ሞላዋ ጠፍጣፋ ጥቅልል ናት፤ የውስጥ ጫፏ ባላንሱ ላይ፣ የውጭ ጫፏ ደግሞ ከማይነቃነቀው አካል ላይ ታስሯል። ባላንሱ ሲዞር ትሰፋለች፣ ሲመለስ ትጠባለች። እኛ ሰዓት ሠሪዎች «ትተነፍሳለች» እንላለን። የውጭ ጫፏ ስለታሰረ ግን በሁሉም በኩል እኩል መስፋት አትችልም። ወደ አንድ ጎን ታብጣለች። ያኔ የባላንሱን ዘንግ ወደ ጎን ትገፋዋለች። ሰዓቱ ጋደም ሲል በአንድ ፍጥነት፣ ሲቆም በሌላ ፍጥነት ይሄዳል።

ብሬጌ በ1795 ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። የመጨረሻዋን ዙር ከሌሎቹ በላይ ከፍ አደረጋት፤ ከዚያ በሌሎቹ ዙሮች አናት ላይ ወደ መሃል አጠፋት። በቃ። ጥቅልሉ አሁን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተነፍሳል። ረጋ ያለ ውሃ ላይ ጠጠር ስትጥዪ ክቡ እንዴት እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው።

ሲነገር ቀላል ነው አልኩሽ እንጂ ሲሠራ አይደለም። ይህን እጥፋት የመጀመሪያ ጊዜ ያስተካከልኩበትን ቀን አልረሳውም። ሁለት ወረንጦ ይዤ፣ ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነበር የምሠራው። በወረንጦው ትንሽ ጠበቅ ካደረግሽ ሞላዋ ትሰበራለች። ላላ ካደረግሽ ደግሞ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። የምታጥፊውን ነገር የምታውቂው በእጅሽ ስሜት እንጂ በዓይንሽ አይደለም። ብሬጌ ይህን ያገኘው በእጁና በዓይኑ ነው። ለምን እንደሚሠራ በሒሳብ ያረጋገጠው ኤድዋርድ ፊሊፕስ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር፤ እሱም በ1861። ብሬጌ ከሞተ 38 ዓመት ሆኖት ነበር።

ማን ነው ላልሽው፣ ሙሉ ስሙ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ነው። ጃንዋሪ 10 ቀን 1747 ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) የተወለደበት ኑሻቴል ዛሬ ስዊዘርላንድ ነው፤ ያኔ የፕሩሺያ ንጉሥ ይገዛው ነበር። አባቱ ሲሞት ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። እናቱ ከሰዓት ሠሪ ቤተሰብ የመጣ ሰው አገባች። ልጁን ወደዚህ ሙያ ያስገባው ያ እንጀራ አባቱ ነው። በ15 ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ለተለማማጅነት ላኩት።

ቀን ይሠራል፤ ማታ ማታ ፓሪስ ኮሌዥ ማዛራን እየሄደ ሒሳብ ይማራል። መምህሩ አቤ ማሪ የሚባሉ ካህን ነበሩ። ልጁን ወደዱት። በኋላ ስሙ ቤተ መንግሥት እንዲገባ መንገድ የከፈቱለት እሳቸው ናቸው። እኔ ይህን የማታ ትምህርት ነገር አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው። ወደ እኔ ሱቅ ሙያ ሊማሩ የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ «ሒሳብ ምን ያደርግልናል?» ይሉኛል። ብሬጌ በእጅ ብልሃት ብቻ እዚያ አልደረሰም።

በ1775 አገባ፣ የራሱንም ቤት ከፈተ። ቦታው ፓሪስ፣ ሴን ወንዝ መሃል ባለችው ደሴት ላይ፣ ኬ ደ ሎርሎዥ ይባላል። የሰዓት ዳርቻ እንደማለት ነው፤ በፓሪስ የመጀመሪያው የአደባባይ ሰዓት እዚያ ያለ ግንብ ላይ ስለተሰቀለ። በ1780 ሚስቱ ሞተችበት። የ4 ዓመት ልጅ ጥላለት ሄደች። በዚያው ዓመት ነው ስሙን ያስጠራውን የመጀመሪያ ሰዓት የሸጠው።

ያ ሰዓት ራሱን የሚሞላ ነበር፤ «ፔርፔቱዌል» አለው። ራሱን የሚሞላ ሰዓት መጀመሪያ ያሰበው እሱ አይደለም፤ ከእሱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ስዊዘርላንድ ውስጥ «ለ ሎክል» በምትባል ከተማ አብርሃም ሉዊ ፔርሌ ሠርቶ ነበር። ብሬጌ ግን ነገሩን አስተማማኝ አደረገው። ሰዓቱ ውስጥ የፕላቲነም ክብደት አስገባ። ሰውየው ሲራመድ ክብደቱ ኪስ ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሞላውንም ያጠብቃል። ሞላው ሲሞላ ክብደቱ በራሱ ይቆለፋል፤ አለዚያ ሞላው ይበጠስ ነበር። አንዴ ከሞላ 60 ሰዓት ያህል ይሄዳል። የመጀመሪያውን የገዛው የኦርሌያን መስፍን ነው። በ1782 ደግሞ አንድ ለፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ደረሳት።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። የብሬጌን ሥራ ዘርዝሬ ሳየው ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ሰዓት ሰው ላይ ሲኖር ምን ይደርስበታል? ሰው መሙላት ይረሳል። ይጥለዋል። ኪሱ ውስጥ አቁሞት ይውላል። ጨለማ ውስጥ ሊያየው ይፈልጋል። ሌሎቹ ሊቃውንት ሰዓትን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያስባሉ። እሱ ግን ሰዓቱን ሰው ልብስ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚያየው።

መውደቅን እንውሰድ። የባላንሱ ዘንግ ጫፍ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሰዓት መሬት ሲመታ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ብሬጌ በ1790 የዘንጉን ጫፍ ሾጣጣ አደረገው፤ የሚያርፍበትንም ድንጋይ በትንሽ የብረት ምላስ ላይ አስቀመጠው። ሰዓቱ ሲወድቅ ምላሷ ትሸሻለች፣ ከዚያ ድንጋዩን ወደ ቦታው ትመልሳለች። «ፓር ሹት» አለው፣ የውድቀት መከላከያ። በፈረንሳዩ ዲፕሎማት በታሌይራንድ ቤት ግብዣ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ሰዓቱን ወለል ላይ ጥሎ፣ አንስቶ፣ እየሄደ አሳያቸው ይባላል። በ1930ዎቹ ለእጅ ሰዓት ሁሉ የመጣው የመውደቅ መከላከያ ሐሳቡ ይኸው ነው። እጅሽ ላይ የሚሞላ ሰዓት ካለ፣ በር ሲመታው ያልቆመው በዚህ ሐሳብ ነው።

የንግሥቲቱን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በ1783 ከንግሥቲቱ ክብር ዘብ መኮንኖች አንዱ፣ ስሙ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ብሬጌ ዘንድ መጥቶ አንድ ሰዓት አዘዘ። ትዕዛዙ እንዲህ ነበር፦ በዘመኑ የታወቀ የሰዓት ጥበብ ሁሉ ይግባበት። ከሌላ ብረት ይልቅ በሚቻለው ቦታ ሁሉ ወርቅ ይሁን። የጊዜም የገንዘብም ገደብ የለም። ብሬጌ ጀመረው፣ ቁጥሩም 160 ሆነ። የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ንግሥቲቱ በ1793 አንገት በሚቆርጠው መሣሪያ፣ በጊዮቲን ተገደለች። አዛዡ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሥራው ግን ቀጠለ። ያለቀው በ1827 ነው፤ ከታዘዘ 44 ዓመት፣ ንግሥቲቱ ከሞተች 34 ዓመት፣ ብሬጌ ራሱ ካረፈ 4 ዓመት በኋላ። ልጁ አንቷን ሉዊ ነበር ሥራውን ያስጨረሰው።

823 ክፍሎች አሉት። ሰዓቱን፣ ሩቡንና ደቂቃውን እየደወለ ይናገራል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ራሱ ያውቃል። የፀሐይ ሰዓትና የሰው ሰዓት በስንት ደቂቃ እንደሚለያዩ ያሳያል። ሙቀት መለኪያም አለው። ራሱን ይሞላል። ፊቱ እንደ ብርጭቆ ከጠራ የክሪስታል ድንጋይ ስለሆነ ውስጡ ሁሉ ይታያል። በ1983 ከኢየሩሳሌም ሙዚየም ከሌሎች ሰዓቶች ጋር በሌሊት ተሰረቀ፤ በጠቅላላው 106 ዕቃ ነው የተወሰደው። ከ20 ዓመት በላይ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ፣ ሌባው ለሚስቱ ተናዝዞ ከሞተ በኋላ ነው ወደ ሙዚየሙ የተመለሰው። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ሙዚየሙ የኤል. ኤ. ማየር የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ነው፤ ስብስቡን ሄዳችሁ ብታዩ አትጸጸቱም።

ለቤተ መንግሥት ሲሠራ የኖረ ሰው በአብዮት ጊዜ እንዴት ተረፈ ትዪኝ ይሆናል። አንዱ ምክንያት ማራ ነው። ከአብዮቱ መሪዎች ኃይለኛው ዣን ፖል ማራ የዚያው የኑሻቴል አካባቢ ልጅ ነበር፤ ወዳጆች ነበሩ። አንድ ቀን ሁለቱ ወዳጅ ቤት እያሉ ማራን የሚፈልግ ሕዝብ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ብሬጌ ማራን አሮጊት አስመስሎ አለበሰው፣ ክንዱን ይዞ በሕዝቡ መሃል አሳልፎት ሄደ ይባላል። በ1793 ነገሩ ሲብስ በተራው ማራ የይለፍ ወረቀት አስገኘለት። ብሬጌ ሱቁን ትቶ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ።

ስደቱ 2 ዓመት ያህል ነው። በ1795 ወደ ፓሪስ ሲመለስ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ያንቺ አያት ሰዓት ውስጥ ያለችው ዓይነት ሞላ የዚያ ዓመት ፈጠራ ናት። ቱርቢዮንንም ያሰበው በዚያ ጊዜ ነው። የዘመናችን ሰው ስደትን ሲያወራ የጠፋውን ብቻ ይቆጥራል፤ እኔ ግን ይህን ሰው ሳስበው ከደንበኛና ከትዕዛዝ ሩጫ ርቆ ቁጭ ብሎ ለማሰብ ጊዜ ያገኘ ይመስለኛል።

ቱርቢዮን የሚለውን ቃል ሰምተሽው ይሆናል። አውሎ ማለት ነው። በ1801፣ ጁን 26 ቀን ለ10 ዓመት የሚያገለግል የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠው። ችግሩ ይህ ነበር፦ የኪስ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ኪስ ውስጥ ቆሞ ነው የሚውለው። ባላንሱ በአንድ በኩል በጣም በትንሹ እንኳ ከከበደ፣ ስበት ያንን ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች ይስበዋል። ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ብሬጌ ስበትን ማጥፋት እንደማይቻል ያውቃል። ስለዚህ ባላንሱን፣ ቀጭኗን ሞላና ጉልበት ቆጣሪውን በሙሉ ትንሽ ቤት ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ቤቱን ራሱን አዞረው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ አንድ ዙር። የከበደው ጎን አንዴ ታች፣ አንዴ ጎን፣ አንዴ ላይ ይሆናል። በአንዱ በኩል የፈጠነው በሌላው በኩል ይዘገያል፣ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስህተትን ማስወገድ ካልተቻለ እርስ በርሱ እንዲካካስ ማድረግ፤ እኔ ከሰዓት ሐሳቦች ሁሉ ይህን የሚያክል ቆንጆ አላውቅም።

ሲሠራ ግን ከባድ ነበር። በሕይወት እያለ የተሸጡት 35 ያህል ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ቱርቢዮን ሌላ ሰው ሰዓት ውስጥ ነው የገጠመው፤ የእንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ የጆን አርኖልድ። ሁለቱ ተፎካካሪ መሆን ሲገባቸው ወዳጆች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን እንኳ አንዱ ለሌላው ሙያ እንዲያስተምር ይላላኩ ነበር። አርኖልድ በ1799 ሞተ። በ1808 ብሬጌ የወዳጁን አሮጌ ሰዓት ወስዶ፣ ቱርቢዮኑን ገጥሞ፣ የመታሰቢያ ጽሑፍ ቀርጾበት ለአርኖልድ ልጅ ሰጠው። ሰዓቱ አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ስለ ቱርቢዮን አንድ ማስጠንቀቂያ። አሁን ገበያ ላይ ፊቱ ተቀዶ ባላንሱ የሚታይ ሰዓት ሁሉ «ቱርቢዮን ነው» እየተባለ ይሸጣል። ባላንሱ ያለበት ቤት ራሱ ካልዞረ ቱርቢዮን አይደለም። አንድ ደቂቃ ቆመሽ እይው። ደግሞም እጅ ላይ ለሚታሰር ሰዓት እምብዛም አስፈላጊ አይደለም፤ እጃችን ራሱ ሲዞር ስለሚውል። ውበቱን ወደሽ ከገዛሽው መልካም።

ብሬጌ ለመኳንንት ብቻ አልሠራም። ከስደት ሲመለስ ገንዘብ አልነበረውም፣ መኳንንቱም አልቀዋል ወይም ሸሽተዋል። ያኔ «ሱስክሪፕሲዮን» የሚባለውን ሰዓት አወጣ። ደንበኛው ሲያዝ የዋጋውን ሩብ ይከፍላል፣ ቀሪውን ሲረከብ። በቀብድ እንደማዘዝ ማለት ነው። ሰዓቱ ትልቅ ነው፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት። ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ነው! በየሰዓቱ መካከል ያለው ቦታ ሰፊ ስለሆነ በአምስት በአምስት ደቂቃ ተከፋፍሏል፤ አንዱ ቆጣሪ ሁለቱንም ይነግርሻል። ክፍሎቹ ጥቂት፣ ለመጠገን ቀላል፣ ዋጋው ከሌሎቹ የሚቀል። 700 ያህል ሸጧል። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይኸው ነው። ለንግሥት ሁሉንም ነገር ያስገባ ሰው፣ ለተራው ደንበኛ ደግሞ ምን ቢወጣ እንደማይጎዳ ያውቅ ነበር።

ለጨለማም አሰበ። በ1799 በጣት የሚነበብ ሰዓት ሠራ። ክዳኑ ላይ ቀስት አለ፣ ዳሩ ላይ ደግሞ 12 እብጠቶች። ቀስቱን እስኪያቆም ድረስ ታዞሪዋለሽ፣ በጣትሽ ትዳስሻለሽ፣ ሰዓቱን ታውቂያለሽ። ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ሰው ሳያይሽ። ዓይነ ስውርም ያነበዋል። የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን ሰማያዊ ኢናሜል የተቀባ፣ አልማዝ የተደረደረበት ገዝታለች። ናፖሊዮን ራሱ በኤፕሪል 1798፣ ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊት፣ ሦስት ዕቃ ከብሬጌ ወስዷል።

የናፖሊዮን እህት ካሮሊን ሙራ፣ የኔፕልስ ንግሥት፣ ደግሞ በጁን 1810 አንድ ያልተለመደ ነገር አዘዘች፤ እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት። ቅርጹ እንቁላል ይመስላል፣ ይደውላል፣ ማሰሪያው ከጸጉርና ከወርቅ ክር የተገመደ ነበር። በ1812 ተረከበች። ሰዓቱ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም፤ የምናውቀው ከብሬጌ መዝገብ ነው።

መዝገብ ስል ወደ ፎርጅዱ ጉዳይ ልመለስ፤ ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ከሜዳ አልተነሳም። ብሬጌ በሕይወት እያለ ጀምሮ ስሙን ሌሎች በሚሠሩት ሰዓት ላይ እየጻፉ ይሸጡ ነበር። መከላከያው በጣም ይገርማል። ከ1795 ጀምሮ የሰዓቱ ፊት ላይ፣ ከ12 ቁጥር አጠገብ፣ በመሣሪያ እጅግ አሳንሶ ስሙን ይጭር ነበር። ቀጥ ብለሽ ስታዪው የለም። ብርሃኑን ከጎን በኩል ስትሰጪው ብቅ ይላል። እያንዳንዱ ሰዓት ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም ከገዢው ስም ጋር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እነዚያ መዝገቦች ዛሬም ፓሪስ፣ ፕላስ ቫንዶም ያለው የኩባንያው ሙዚየም ውስጥ አሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄ የብሬጌ ነው» ብሎ ቢመጣብሽ፣ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር መመሳከር አለበት። ያንቺው ሰዓት ግን ፊቱ ላይ ብሬጌ ነኝ ብሎ አልጻፈም። የሞላዬ ዓይነት ብሬጌ ነው ነው ያለው። እውነቱን ነው የተናገረው።

ብሬጌ በ1815 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሰዓት ሠሪ ተባለ፣ በ1816 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1823 አረፈ። ቤተሰቡ ድርጅቱን በ1870 ሸጠ፤ ስሙ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዛሬም አለ።

አሁን ስለ ሰዓታችሁ ላምክርሽ። መሙያውን አትንኪው። «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ብሎ መሙላት ነው ብዙ አሮጌ ሰዓት የሚያበላሸው። ውስጡ የነበረው ዘይት ደርቆ እንደ ማስቲሽ ሆኗል፤ በዚያ ላይ ስትሞዪው ዘንጎቹ ይፋጫሉ። የምግብ ዘይት ወይም የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ እንዳታደርጉበት። የብሩን ክዳን በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት፤ ጽሑፉ ይፋቃል። ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል። አሮጌ የሚሞላ የኪስ ሰዓት የሚፈታ ሰው ፈልጉ፤ ባትሪ ከሚቀይር ሁሉ ጋር አትሂዱ። ከመስጠትሽ በፊት ቁጥሩንና ውስጡን ፎቶ አንሺ። አንድ ደንበኛዬ የአባቱን ሰዓት ሌላ ቦታ ሰጥቶ፣ ሲመለስለት ውስጡ በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የሚያረጋግጥበት ፎቶ ስላልነበረው ዝም ብሎ ተቀበለ። ዋጋውን ካልሽኝ፣ ቤት አያስገዛም። ጥሩ የስዊዝ የብር ሰዓት ነው፤ ከተጠገነ አንቺም ልጅሽም ትይዙታላችሁ።

ጠጋኙ ውስጠኛውን ክዳን ሲከፍተው አብረሽው ቁሚ። የስልክሽን መብራት ከጎን በኩል አብሪለት። ከሚወዛወዘው ቀለበት ሥር ወይም አናት ላይ ጥቅልሏን ታያታለሽ። ሁሉም ዙሮች አንድ ደረጃ ላይ ተኝተው፣ አንዷ ብቻ ከፍ ብላ በላያቸው ወደ መሃል ታጥፋለች። እሷን አንሺና ፎቶዋን ላኪልኝ፤ ቀጥ ብላ እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ።